የአያ ይማም ልብና የቫይታሚን ጠርሙሱ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን መጀመሪያ የለካሁት የሰው ግፊት ሳይሆን የካፖርት ግፊት ነው።

ጤና ጣቢያችን ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበረች። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። የጣቢያው ኃላፊ ጤና መኮንን ነበሩ፤ ስማቸውም አቶ መኮንን ነው። ስለዚህ የአካባቢው ሰው «ሁለቴ መኮንን» ይላቸዋል። እሳቸው የግፊት መለኪያውንና ማዳመጫውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «ሲስተር ዘነበች፣ ከዛሬ ጀምሮ የግፊትና የልብ ክትትል ክፍል ያንቺ ነው። ክንድ ሳይራቆት እንዳትለኪ» ብለውኝ ወጡ።

የመጀመሪያው በሽተኛ አያ ይማም ነበሩ። ከላይ ጋቢ፣ ከጋቢው ሥር ካፖርት፣ ከካፖርቱ ሥር ሹራብ፣ ከሹራቡ ሥር ሌላ ሹራብ ለብሰዋል።

«አያ፣ ክንድዎን ያውጡልኝ» አልኳቸው።

«ክንዴ እዚያው ውስጥ አለ፤ የትም አልሄደም። ከላይ ለኪው» አሉኝ።

ለመንኳቸው። ጋቢውን አወለቁ። ካፖርቱን ግን እንደለበሱ ቀሩ። «ከዚህ በታች ያለውን ባለቤቴም ካየችው ቆይታለች» አሉ። አዲስ ነኝ፣ እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ምን ላድርግ? የመለኪያውን ጨርቅ ካፖርቱ ላይ አስሬ ነፋሁ። ማዳመጫው ውስጥ ምንም ድምፅ የለም። እንደገና ነፋሁ። ምንም የለም። በዚህ መሃል አቶ መኮንን ተመልሰው ገቡ።

«ሲስተር፣ ምን እየለካሽ ነው?»

«ካፖርት።»

«ስንት ሆነ?»

«አይሰማም።»

«እንግዲያ ካፖርቱ ሞቷል። ባለቤቱን ለኪው» አሉና ሄዱ።

አያ ይማም ሳቃቸው ሲያሸንፋቸው ካፖርቱም ሹራቦቹም ወለቁ። ግፊታቸው ከፍ ያለ ነበር። መድኃኒት ተጀመረላቸው፤ እኔና እሳቸውም በዚሁ ተዋወቅን።

ሥራዬ ሲታይ ቀላል ነው። በሽተኛው ይቀመጣል፣ ትንሽ ያርፋል፣ እግሩን መሬት ያስነካል፣ ክንዱ በልቡ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይሆናል። እለካለሁ፣ እመዝናለሁ፣ ቁርጭምጭሚቱን ተጭኜ ማበጡን አያለሁ፣ የወሩን ኪኒን እሰጣለሁ። ከበድ ያለውን ወደ አቶ መኮንን አሳልፋለሁ፤ ከእሳቸው አቅም በላይ የሆነው መካነ ሰላም ሆስፒታል ይሄዳል። ከባዱ ሥራ ሰውዬው ቤቱ ገብቶ ምን እንደሚበላና ኪኒኑን መዋጥ አለመዋጡን ማወቁ ነው። ለዚህ የሚሆን መለኪያ እስከ ዛሬ አልተሰጠኝም።

አያ ይማም ለክትትል ሲመጡ ብቻቸውን አይመጡም። ጎረቤታቸውና የልጅነት ጓደኛቸው አያ ደምሴ አብረዋቸው ይመጣሉ። አያ ደምሴም ግፊት አለባቸው። አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ክርስቲያን፣ ሁለቱም ነገር ወዳዶች ናቸው። አንዳቸው ሲለኩ ሌላኛው ከኋላ ቆመው ቁጥሩን ይጠብቃሉ። ዝቅ ያለለት ያሸነፈ ይመስላቸዋል። አንድ ጊዜ አያ ደምሴ በትንሽ ዝቅ ብለው ሲያሸንፉ፣ አያ ይማም «ለእሱ የለካሽበት ዕቃ ልል ነው» ብለው በዚያው እንድለካቸው አስገደዱኝ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለ ልብ በሽታና ስለ አመጋገብ ሥልጠና ተብሎ ደሴ ተላክሁ። አሠልጣኛችን ነገር አታስረዝምም፤ ጥሩ ሐኪም ነበረች። እንዲህ ብላ አስረዳችን፦ ሰውነት የበላነውን ፕሮቲን ሲጠቀም ሆሞሲስቲን የሚባል ነገር ይፈጠራል። ይህን ነገር አጣርቶ ወደ ሌላ ጥቅም ለመለወጥ ሦስት የቢ ቫይታሚኖች ያስፈልጋሉ፤ ፎሌት፣ ቢ ስድስትና ቢ አሥራ ሁለት። እነሱ ሲያንሱ ሆሞሲስቲኑ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። በልብና በደም ሥር በሽተኞች ላይ ደግሞ ከፍ ብሎ ይገኛል። ፎሌትና ቢ ስድስት ያላቸውን ምግቦች አዘውትረው የሚበሉ ሰዎች በልብ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው አነስ ብሎ ታይቷል።

እጄን አወጣሁ። «እንግዲያ ለሁሉም በሽተኛ የቢ ቫይታሚን ኪኒን ብንሰጥስ?»

«ተሞክሯል» አለች። «ሆሞሲስቲኑ ወረደ፤ የልብ ድካሙ ግን የታሰበውን ያህል አልቀነሰም። ምስር የሚበላ ሰው ቫይታሚኑን ብቻ አይደለም የሚያገኘው፤ ሌላም ብዙ ነገር አብሮ ይበላል። ሥጋና ቅባት የሚበላበትን ቦታም ምስሩ ይይዝበታል። የሰውነቱ እጥረት በምርመራ ለታወቀ ኪኒኑ ይሰጠዋል። ለሌላው ግን ከምግቡ ጀምሩ።»

ይህን ይዤ ተመለስኩ። ሰኞ ጠዋት የሚጠባበቁት በሽተኞች አግዳሚው ላይ ሞልተዋል። ፊታቸው ቆሜ ማስተማር ጀመርኩ። ፎሌት በምስር፣ በባቄላ፣ በሽምብራና በጎመን አለ። ቢ ስድስት በሽምብራ፣ በድንችና በሥጋ አለ። ቢ አሥራ ሁለት ግን ከእህል አይገኝም፤ በወተት፣ በእንቁላልና በሥጋ ነው የሚገኘው። እዚህ ላይ ስደርስ አያ ይማም እጃቸውን አነሱ።

«ቢ ካለ ኤ ነበረ ማለት ነው። ኤውን ማን በላው?»

«ኤው ለዓይን ነው አያ፤ ለሕፃናት እንሰጠዋለን።»

«ይኸው፣ የመጀመሪያውን ለሕፃናት ሰጥተው ሁለተኛውን ለእኛ አመጡት» አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው።

አያ ደምሴ ደግሞ ሌላ ነገር አሳስቧቸዋል። «ከስድስት ወደ አሥራ ሁለት ስትዘዪ በመሃል ያሉት የት ሄዱ?»

«አንዳንዶቹ ቫይታሚን እንዳልሆኑ ሲታወቅ ቀርተዋል።»

«እንደ ዕድር አባል ተሰርዘው?»

«እንደዚያ በሉት።»

አግዳሚው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። የገባቸው መሰለኝ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አያ ደምሴ ሆዳቸውን ደግፈው መጡ። ፊታቸው ልክ አይደለም።

«ምን ሆኑ?» አልኳቸው።

«አሥራ ሁለቱን በአንድ ቀን ጨረስኩት።»

«ምኑን?»

«ቢውን። በእንቁላል ይገኛል ያልሽ አንቺ አይደለሽም? ስድስተኛው እንቁላል ላይ ቢ ስድስት ደረስኩ፤ እዚያ ድረስ ደህና ነበርኩ። ዘጠነኛው ላይ ላቤ መጣ። ከዚያ ወዲህ ያለው በልጆቼ እርዳታ ነው» አሉ።

አቶ መኮንን ከጎን ክፍል ሆነው ይሰሙ ነበር። ገብተው ሆዳቸውን ነካ ነካ አደረጉና በቁም ነገር «አያ ደምሴ፣ የቫይታሚኑ ቁጥር እንደ ሰው ስም መጠሪያ ነው፤ መጠኑ አይደለም» አሏቸው። አያ ደምሴ ትንሽ አሰቡና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ቢ መቶ ስላልተገኘ ነው የተረፍኩት» ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ቁጥር መጥራት ትቼ የምግብ ስም ብቻ መጥራት ያዝኩ።

የአያ ይማም ነገር ግን እየከበደ ነበር። ልጃቸው ከድጃ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። በምትልከው ገንዘብ የሣር ቤታቸው ወደ ቆርቆሮ ተለወጠ፤ በሩ ሰማያዊ ቀለም ተቀባ። ከቤቱ ጋር ምግቡም ተለወጠ። ለቤት ጉብኝት በሄድኩ ጊዜ አያ ይማም በትልቅ ሳህን የተቆለለ መኮሮኒ ፊት ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጎኑ ላይ ሩዝ፣ ከሩዙ ጎን ነጭ ዳቦ፣ ከዳቦው ጎን ለስላሳ አለ።

«መርሐባ ሲስተር፣ ግቢ፣ ብዪ» አሉኝ።

«ምስሩስ? ባቄላውስ? ጎመኑስ የት አለ?»

«እሱ ቀረ፤ አልሐምዱሊላህ» አሉ በኩራት።

ባለቤታቸው እመት ሰዓዳ ከጓዳው በር ላይ ቆመው ነበር። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ጓዳው ተመለሱ። እዚያ ጓዳ ውስጥ ምን እንዳላቸው ኋላ ነው ያወቅሁት።

አያ ይማም በየክትትሉ ክብደታቸው ይጨምር ጀመር። ከበር እስከ ወንበሩ ሲደርሱ ያለከልካሉ። ስለ ምግቡ ባነሳሁ ቁጥር ወሬ ይቀይራሉ። አንድ ቀን ግን ከድጃ ከጅዳ ከሚመለስ ሰው ጋር ካርቶን ላከች። ካርቶኑ ውስጥ ትልልቅ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ነበሩ። በጠርሙሱ ላይ የሚሮጥ ጎልማሳ ተሥሏል፤ ደረቱ ላይ ቀይ ልብ አለ። ውስጡ የቢ ቫይታሚን ነበር።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። ያወቅሁት በገበያ ቀን ነው።

ጠዋት ጣቢያው በር ላይ ስደርስ ግቢው በሽማግሌ ተሞልቷል። ሁሉም በእጃቸው አንድ ነገር ይዘዋል፤ ማር የነበረበት ብልቃጥ፣ የውኃ ፕላስቲክ፣ ትንሽ የዘይት ጀሪካን። የላቦራቶሪ ባለሙያችን ታደለ በሩን ከውስጥ ዘግቶ በመስኮት ያያል።

«ሲስተር፣ የወፍ በሽታ ገብቷል» አለኝ። «የሁሉም ሽንት ብጫ ነው። እንዲህ ያለ ብጫ በትምህርት ቤት ቀለም ላይ እንኳ አላየሁም።»

«ሁሉም ሽንት ነው የያዙት?»

«ሁሉም። አንደኛው በቴርሞስ ነው ያመጣው። ለምን ስለው፣ እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ነው አለኝ።»

አቶ መኮንን ተጠሩ። ሰዎቹን በፀሐይ አሰለፍን፤ እኔ ከአንድ ወገን፣ እሳቸው ከሌላ ወገን እየሄድን የዓይናቸውን ሽፋን ገልጠን አየን። የማንም ዓይን ብጫ አልሆነም። ትኩሳት የለም። ጉበታቸው አላበጠም። የምግብ ፍላጎታቸውን ስንጠይቅ ብዙዎቹ ቁርስ ሳይበሉ በመምጣታቸው አማረሩ።

«የወሰዳችሁት መድኃኒት አለ?» አሉ አቶ መኮንን።

«ኸረ የለም» አሉ በአንድ ድምፅ።

በአንድ ድምፅ መናገራቸው አሳሰበን። አያ ይማም በሰልፉ መሃል ሆነው ሰማይ ያያሉ። አያ ደምሴ መሬት ያያሉ። ወደ አያ ደምሴ ሄድኩ።

«አያ፣ የሰጣችሁ ሰው አለ?»

«ጾም ላይ ነኝ ሲስተር፤ አትጠይቂኝ፤ ልዋሽ አልችልም።»

«እንግዲያ እውነቱን ይንገሩኝ።»

አያ ደምሴ ወደ አያ ይማም ዞሩ። «ይማም፣ አፉ በለኝ» አሉና ሁሉንም ተናገሩ። አያ ይማም ጠርሙሶቹን ለመንደሩ አዛውንት ሁሉ አከፋፍለዋል። የልብ ማጠንከሪያ ነው፤ የውጭ መድኃኒት ስለሆነ ግን ጤና ጣቢያው ካወቀ ይወርሰዋልና ትንፍሽ እንዳትሉ ብለዋል። ሰዎቹም ልባቸው እንዲጠነክር ጠዋትና ማታ ሲውጡ ሰንብተዋል።

ጠርሙሱ መጣ። ጽሑፉን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ቢ ሁለት የሚባለው ራሱ ብጫ ነው፤ ሰውነት የማይፈልገው ሲተርፍ በሽንት ይወጣል፣ ሽንቱንም ያቀልመዋል፤ በሽታ አይደለም፣ አብሽሩ አልኩ። ሁሉም ተነፈሱ። አንዳንዱ የያዘውን ብልቃጥ እንደ ጌጥ ከፍ አድርጎ በፀሐይ አየው። ማንበቤን ቀጠልኩ።

«ፎሊክ አሲድ» አልኩ። «ይሄ የምስሩ ፎሌት ነው፤ በኪኒን ሲሠራ ነው እንዲህ የሚባለው። እኛም ጋ አለ፤ ለነፍሰ ጡር እናቶች የምንሰጠው ነው።»

ይህን ያልኩት ለማስረዳት ብቻ ነበር። አንድ አዛውንት ቀስ ብለው ሆዳቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ሌላው ከአጠገባቸው ካለው ሰው ትንሽ ራቅ አሉ። አያ ደምሴ ወደ ጓደኛቸው ዞረው በለሆሳስ «አንተ ይማም፣ በዚህ ዕድሜዬ ምን ልታደርገኝ ነው?» አሏቸው።

ከቀትር በፊት መንደሩ ውስጥ ያን ኪኒን የሚውጥ አንድም ወንድ አልተገኘም። ጠርሙሶቹ ሁሉ ለአያ ይማም ተመለሱ። ታደለ ግን ቴርሞሱን ባለቤቱ ረስቶት ስለሄደ ሲጨነቅ ዋለ።

ነገሩ በሳቅ ያለቀ መስሎን ነበር። አላለቀም። አያ ይማም ለማንም ያልተናገሩት ነገር ነበር። ቫይታሚኑ ከመጣ ጀምሮ የግፊት ኪኒናቸውን አቁመዋል። ጠርሙሱ ላይ ልብ ተሥሏል፣ እኛ በምንሰጠው ከረጢት ላይ ግን ምንም ሥዕል የለም፤ ለእሳቸው ማስረጃው ይህ ነው። የተመለሱትን ቫይታሚኖች ደግሞ እንዳይባክኑ ለበቅሏቸው ከገብስ ጋር ቀላቅለው ይሰጧት ነበር።

ከከላላ ገበያ ሲመለሱ ዳገቱ ላይ በቅሎዋን ለማሳረፍ ወርደው በእግራቸው ያዘግሙ ጀመር። መሃሉ ላይ ሲደርሱ ተቀመጡ። ትንፋሽ አጠራቸው፤ ደረታቸውን ያዙ። አያ ደምሴ አብረዋቸው ነበሩ። ጓደኛቸውን በቅሎዋ ላይ አስደግፈው፣ በአንድ እጅ ልጓም በሌላ እጅ ወገባቸውን ይዘው ወደ እኛ አመጧቸው። አያ ደምሴ ራሳቸው በሽተኛ መሆናቸውን ያስታወስነው ካደረሷቸው በኋላ ነው።

አልጋው ላይ አጋደምናቸው። ግፊቱ በጣም ከፍ ብሏል። እግራቸው አብጧል፤ ጣቴን ስጫን ጉድጓዱ ይቀራል። ደረታቸው ላይ ማዳመጫዬን ሳሳርፍ ውኃ እንደቋጠረ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። አቶ መኮንን ለአምቡላንስ ደወሉ፤ ኦክስጅኑን ከፈትን፣ መርፌ ሰጠናቸው። አያ ይማም ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩኝ። የመጀመሪያ ቃላቸው «በቅሎዋ ደህና ናት?» የሚል ነበር።

«ደህና ናት» አልኩ።

«አየሽ፣ ቫይታሚኑ ሠርቷል» አሉ።

አያ ደምሴ በሩ ላይ ቆመው ያለቅሱ ነበር፤ ይህን ሲሰሙ እያለቀሱ ሳቁ።

አያ ይማም መካነ ሰላም ሆስፒታል ተኙ፤ ተርፈውም ወጡ። የግፊት ኪኒናቸው ተቀይሮ፣ ጨው እንዲቀንሱ ተነግሯቸው ወደ እኔ ተመለሱ። በሩን ዘጋሁና ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

«አያ፣ ኪኒኑ አይቋረጥም። ምግቡም ወደ ድሮው ይመለስ። ምስሩ፣ ባቄላው፣ ጎመኑ፣ የገብስ እንጀራው። ልጅዎ በጠርሙስ የላከችው ቫይታሚን እኮ ከጓሮዎ ጎመን ውስጥ አለ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልዱ መለሱልኝ።

«ስሚ ልጄ። ያቺ ልጅ በሰው አገር የሰው ወለል ስታጥብ ጉልበቷ አለቀ። ለምን ሄደች? አባቴ ባቄላ ብቻ በልቶ እንዳይሞት ብላ ነው የሄደችው። አሁን እኔ ባቄላ እየበላሁ ብታገኘኝ ድካሟን ምን አደረግሁት ልበላት? ጎረቤትስ ምን ይላል? የላከችለትን ገንዘብ ምን ዋጠው ይላል።»

ደሴ ስሠለጥን ስለዚህ የተማርኩት ነገር የለም። ኪኒናቸውን እንዳያቆሙ ብቻ ቃል አስገባኋቸው። «ወላሂ አላቆምም» አሉ።

ከድጃ የአባቷን መታመም በስልክ ሰምታ ፈቃድ ጠይቃ መጣች። ቤት ስትገባ ከጎረቤት ጋር እኔም ተጠራሁ። የመጣችው በረቡዕ ቀን ነበር። አያ ይማም ለልጃቸው ክብር ያልሠሩት ነገር የለም። መኮሮኒው በሥጋ ተሠርቶ በትሪ ተቆልሏል፣ ሩዙ ሌላ ትሪ ላይ ነው፣ ብስኩቱ፣ ዳቦው፣ ለስላሳው ተደርድሯል። ከድጃ ቀጭን፣ ዝም የምትል ልጅ ናት። አባቷን ስማ፣ ጉልበታቸውን ስማ፣ እያለቀሰች ተቀመጠች።

«ብዪ ልጄ፣ ሁሉም ያንቺ ነው» አሉ አያ ይማም።

ከድጃ ትሪውን አየች። ከዚያ አያ ደምሴን አየች። ረቡዕ በመሆኑ ለስላሳ ብቻ ይዘው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል።

«ለአያ ደምሴ የሚሆን የለም እንዴ?» አለች።

እመት ሰዓዳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለእሱስ ጓዳ ምስር አለ» አሉ።

«የምን ምስር?» አሉ አያ ይማም።

«የራሴ ምስር» አሉ እመት ሰዓዳ። «መኮሮኒው ሆዴን ስለነፋኝ ለራሴ እሠራለሁ። መኮሮኒውን ከተውኩት ቆየሁ።»

ምስሩ ከነጎመኑ በትልቅ ድስት መጣ። ሽታው ቤቱን ሞላው። ለአያ ደምሴ በገብስ እንጀራ ላይ ተጨለፈ። ከድጃ ከተቀመጠችበት ተነሳች፤ በርጩማዋን አነሳችና ከአያ ደምሴ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። ጠቀለለች፣ ጎረሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

«ልጄ፣ ያ የጾመኛ ነው፤ ያንቺ እዚህ ነው» አሉ አባቷ።

«አባዬ፣ እዚያ ለሰዎቹ ሩዝ ስቀቅል ነው የምውለው» አለች አፏ እንደሞላ። «ትራፊውን ስበላ ይችን ምስር አስባለሁ። ማታ ስተኛም ይችን ነበር የማስበው። መኮሮኒውን አንሱልኝ፤ አፉ በሉኝ፣ ላየው አልችልም።»

እኔ እንጀራዬን ይዤ ወደ ምስሩ ተጠጋሁ። እመት ሰዓዳም ተጠጉ። ከጎረቤቶቹ አንዱ ተነሳ፣ ከዚያ ሌላው። አያ ይማም ከዚያ ሁሉ መኮሮኒ ጋር ብቻቸውን ቀሩ። ትንሽ ጊዜ ትሪውን አዩት። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ፤ በልጃቸውና በአያ ደምሴ መሃል ሊቀመጡ መጡ።

«ጠጋ በል፣ አንተ ደምሴ። የልጄን ምስር ልትጨርሰው ነው» አሉ።

ከድጃ በእጇ ጠቅልላ አጎረሰቻቸው። ቀስ ብለው አላመጡ። «ጨው አንሷል» አሉ።

«ለእርስዎ ሲባል ነው የሚቀንሰው» አልኩ።

«ዛሬ እንኳ ልቤን ተይው» አሉና ሁለተኛውን ጉርሻ ለመቀበል አፋቸውን ከፈቱ።

ከድጃ በቆየችባቸው ሳምንታት በዚያ ቤት ምስር፣ ከባቄላ ዱቄት የሚሠራው እልበት፣ ጎመንና ንፍሮ እንጂ ሌላ ነገር አልተበላም ይባላል። ወተትና እንቁላሉ ግን ጨርሶ አልቀረም፤ በልኩ ይቀርብ ነበር። ስትመለስ አባቷን ምን ልላክልህ ብላ ጠየቀቻቸው፤ የግፊት መለኪያ አሉ። ላከች። አሁን እሳቸውና አያ ደምሴ ቤታቸው ተቀምጠው ይለካካሉ፤ ማን እንዳሸነፈ እየደወሉ ይነግሩኛል። አያ ይማም ክንዳቸውን አራቁተው እንደሚለኩ ይምላሉ፤ አያ ደምሴ ግን ያጠራጥራል ይላሉ።

ከድጃ ከተመለሰች በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ክትትል ግፊታቸው ወርዶ፣ እብጠቱም ጠፍቶ መጡ። «ያዳነኝ የቱ ነው? ኪኒንሽ ነው ምስሩ?» ብለው ጠየቁኝ። ኪኒኑ፣ የጨው መቀነሱና ምግቡ አብረው ስለሠሩ ለያይቼ መናገር አልችልም አልኳቸው። «እንግዲያ ምስሩ ነው ብዬ ለሰው እናገራለሁ፤ ኪኒኑን የሚያምን የለም» አሉ። ኪኒኑንም ጨምረው እንዲናገሩ ለመንኳቸው። እስከ ጡረታዬ ድረስ በየወሩ ስለዚህ ስንከራከር ቆየን።

አሁን በዚህ ሙያ ላይ ላላችሁ ከሥራዬ የተረፈኝ ይህ ነው። ለልብ የሚረዱት የቢ ቫይታሚኖች በምስር፣ በባቄላ፣ በሽምብራና በጎመን ውስጥ ይገኛሉ፤ ቢ አሥራ ሁለት ደግሞ በወተት፣ በእንቁላልና በሥጋ። ጤነኛ ሰው ከምግቡ ያገኘውን ጥቅም ከጠርሙስ አገኛለሁ ብሎ አይጠብቅ። የግፊት ኪኒን በምንም አይተካም፣ አይቋረጥም። በሽተኛችሁን ስለ ምግቡ ከመምከራችሁ በፊት ያን ምግብ ለማን ብሎ እንደሚበላው ጠይቁት።